ለአሮጌ ኡራል የሚሆን ክሪክ፦ እንዴት እንዳገኘነውና የት እንዳስቀመጥነው

በ2009 ዓ.ም. እኔና የአጎቴ ልጅ ገንዘባችንን አዋጥተን ኡራል የሚባል አንድ አሮጌ ወታደራዊ የጭነት መኪና በጨረታ ስንገዛ፣ ሞተሩን አስነሥተን አዳምጠናል፤ የካምቢዮውን ዘይት በጣታችን ነክተን አይተናል፤ ከሥሩ ተኝተን ባሌስትራው ያልተሰበረ መሆኑን አረጋግጠናል። ክሪክ፣ ማለትም ጎማ ሲቀየር መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መሣሪያ፣ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለታችን አንድም አልነበረም። መኪናው ደሴ ገብቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ስንከፍት ያገኘነው የዛገ የጎማ መፍቻና የተቆረጠ ሰንሰለት ብቻ ነበር። ለመኪናው የሚስማማውን ክሪክ ለማግኘት አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረስን፤ ካገኘነውም በኋላ ቦታውን ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ወይም ሊገዛ ያሰበ ሰው በእኛ ላይ የደረሰው እንዳይደርስበት በማሰብ ነገሩን ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ።

የገዛነው ኡራል 4320 ነው። ይህ ዓይነት መኪና በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሚያስ በምትባለው ከተማ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ ስድስቱም ጎማዎቹ የሚነዱ፣ በናፍጣ የሚንቀሳቀስ ነው። ባዶውን ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፤ 5 ቶን ሲጫንበት አጠቃላይ ክብደቱ ከ13 ቶን ያልፋል። ጎማው 14.00-20 የሚባለው ሲሆን ቁመቱ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከኋላም እንደ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ጥንድ ጎማ የለውም። ክሪክ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው። ጥንድ ጎማ ያለው መኪና አንዱ ጎማ ቢተነፍስበት በጓደኛው ተደግፎ ይቆያል፤ የኡራል ጎማ ሲተነፍስ ግን አክሰሉ ቸርኬው እስኪተኛ ድረስ ይወርዳል። ፋብሪካው ሲሠራው ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ጎማዎቹን በአየር የሚሞላበት መስመር አበጅቶለታል፤ መስመሩ ደህና ከሆነ በሚስማር የተበሳ ጎማ እየሞሉ እስከ ጎሚስታው ድረስ መሄድ ይቻላል። በእኛ መኪና ላይ ግን ከስድስቱ ጎማዎች የአራቱ ቱቦ ተቆርጦ ስለነበር በዚያ መተማመን አልቻልንም።

የመጀመሪያው ችግር የገጠመን በሐምሌ ወር ከኮምቦልቻ የግንብ ድንጋይ ጭነን ወደ ደሴ ስንወጣ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚለያየው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚያወጣ መንገድ ነው፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ ዳገቱና ጠመዝማዛው አንድ ላይ ይመጣሉ። የግራው የኋለኛ ጎማ እዚያ ላይ ተነፈሰ። የራሳችን ክሪክ ስላልነበረን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ የእሱን አዋሰን፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በዚያ ዝናብ ብዙ ሰው አይቆምም ነበር። ክሪኩ ከአክሰሉ ሥር በቀላሉ ገባ፤ ክብደቱንም ቻለ። ነገር ግን ፒስቶኑ እስከ ጫፉ ወጥቶ አለቀና የተነፈሰው ጎማ ገና መሬቱን እንደ ነካ ነበር። በዚህ ጊዜ ከጭነታችን ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አውርደን ክሪኩን በላዩ አቆምነውና እንደገና ማንሣት ጀመርን። ጎማው ከመሬት ሊለቅ ሲል ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ክሪኩ ወደ ጎን ተፈናጥሮ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ አክሰሉም ተመልሶ ተዘረገፈ። ረዳታችን ታኮውን (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደረገውን ማገጃ) ለማስተካከል ክንዱን ከሥር አስገብቶ ያወጣው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ምናልባት ሁለት ትንፋሽ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። እናቱን ስለማውቃት ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሰፈራችን በደርግ ጊዜ በሠራዊቱ ውስጥ በመካኒክነት ያገለገሉ አንድ አባት አሉ፤ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እያልን እንጠራቸዋለን። በማግስቱ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው።

«ስንት ቶን የሚያነሣ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

«20 ቶን ቢሆን ይበቃል ብዬ ነበር፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ቶኑንማ ተወው፣ ልጄ። ቶን በገበያ ሞልቷል። መጀመሪያ ጎማውን አስተንፍስና ከአክሰሉ ሥር እስከ መሬት ያለውን ለካ። ቀጥለህ የተነፋ ጎማ ለማስገባት ስንት ከፍታ እንደሚያስፈልግህ ለካ። ክሪክ ማለት በእነዚህ በሁለቱ ልኮች መካከል ያለው ነው።»

እንዳሉት አደረግን። መኪናውን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አቁመን፣ በሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርገን፣ የአንዱን የኋላ ጎማ አየር ሙሉ በሙሉ አወጣን። ከአክሰሉ ቱቦ ሥር፣ ለጎማው ቀረብ ካለው ቦታ እስከ መሬት 30 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የተነፋው መለዋወጫ ጎማ ሳይታገል እንዲገባ ደግሞ ይኸው ቦታ 58 ሳንቲ ሜትር ላይ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ የሚያስፈልገን ከ30 በታች ተኝቶ 28 ሳንቲ ሜትር የሚያነሣ ክሪክ ነበር። ጎማው እንደተነፋ የሚለካ ሰው ከአክሰሉ ሥር ሰፊ ክፍተት ስለሚያይ ማንኛውም ክሪክ የሚገባለት ይመስለዋል፤ እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ የምናየው ያንን ክፍተት ነበር።

የክብደቱ ስሌት ያስጨነቀኝን ያህል ከባድ አልነበረም። ከ13 ቶኑ ጠቅላላ ክብደት ከኋላ ባሉት ሁለት አክሰሎች ላይ የሚያርፈው 9 ቶን ገደማ ነው፤ ለአራት ጎማ ሲካፈል ለአንዱ ከሁለት ቶን ጥቂት የሚበልጥ ይደርሰዋል። መንገዱ ዘመም ሲል ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ይህ ስለሚጨምር እጥፍ ድርብ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ እንዲያም ሆኖ በትክክል 10 ቶን የሚያነሣ ክሪክ አቅሙ ይበቃል። «በትክክል» ማለቴ በምክንያት ነው። መጀመሪያ ከአንድ ሱቅ የገዛነው አዲስ ክሪክ 20 ቶን የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ ከሦስተኛው አገልግሎት በኋላ በአንገቱ ዙሪያ ዘይት ማንባት ጀመረ። ሲለካም ተኝቶ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ፒስቶኑ ሲወጣ 15፣ ጫፉ ላይ ያለው ጥርሳም ብሎን ተሽከርክሮ ሲወጣ ሌላ 6 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 45 ላይ የሚቆም ነበር። እንደዚህ ባለ ክሪክ ኡራልን ማንሣት የሚቻለው በሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ አንሥቶ አክሰሉን በጠንካራ ግንድ ማስደገፍ፣ ክሪኩን አውርዶ ከሥሩ ሌላ ግንድ መጨመር፣ ከዚያ እንደገና ማንሣት ያስፈልጋል። ሌላ ክሪክ የሌለው ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን በጨለማ፣ በጭቃና በድካም ላይ ይህን ሁሉ እርምጃ ሳያጓድል የሚፈጽም ሰው ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሁለት ፒስቶን አንዱ በሌላው ውስጥ የገባበት፣ አጥሮ ተኝቶ ረዝሞ የሚወጣ ክሪክ ፍለጋ ጀመርን። በደሴ ሰኞ ገበያ ውራጅ ብረት የሚሸጡትን ሁሉ ጠየቅን፤ የአጎቴ ልጅ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በወረደ ጊዜ መርካቶ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ የተገኘው እዚሁ ኮምቦልቻ፣ አሮጌ ብረት በኪሎ ከሚገዛ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ባሌስትራዎች ሥር ነበር። በጎኑ በሩስያ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍና 12 የሚል ቁጥር አለው። ተኝቶ 26 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሁለቱ ፒስቶኖችና የጫፉ ብሎን ሲወጡ 60 ይደርሳል። ሰውየው በኪሎ መዝኖ ሊሸጥልኝ ሲል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሮጌ ክሪክ ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዘይት ማፍሰሱ አይደለም። ዘይት የሚያፈስ ክሪክ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) ያለቀ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ይጠገናል። መታየት ያለበት የፒስቶኑ ገላ ነው፤ ፒስቶኑን በእጅ ስቦ አውጥቶ በጨርቅ ጠርጎ ጥፍርን ከላይ ወደ ታች ማስኬድ ያስፈልጋል። ጥፍር የሚያደናቅፍ የዝገት ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ አዲስ የገባው ጎሚኒ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበላል። ቀጥሎ ከታች ያለውን የማውረጃ ቡሎን ማየት ነው፤ ጫፉ የተጨፈለቀ ከሆነ ዘይቱን ስለማይዘጋ ክሪኩ ያነሣውን እየቆየ ያወርዳል። የእኛው ፒስቶኑ ንጹሕ ነበር፤ የማውረጃው ቡሎን ግን ተበልቶ ስለነበር ቶርኖ ቤት ወስደን በልኩ አስቀረጽን፤ ጎሚኒዎቹንም ከነአሮጌዎቹ ይዘን ሄደን በልክ አስለወጥን። ዘይቱን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። ብዙ ሰው ያገኘውን የፍሬን ዘይት ይጨምርበታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለማዕድን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ በፍሬን ዘይት ያብጥና ይበላሻል። መጨመር ያለበት ንጹሕ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ የሚጨመረውም ፒስቶኖቹ ሙሉ በሙሉ ወርደው ክሪኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ፒስቶኑ ወጥቶ የተሞላ ክሪክ ሲወርድ ትርፉን ዘይት የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። አየር ከገባበትና ፓምፑ ሲመታ እንደ ስፖንጅ የሚለዝብ ከሆነ የማውረጃውን ቡሎን ከፍቶ እጀታውን አሥር ጊዜ ያህል መምታት፣ ከዚያ ዘግቶ መሞከር በአብዛኛው ይበቃል።

ከጥገናው በኋላ በቀጥታ መንገድ አልወጣንም። መኪናውን ጭነን፣ ሜዳ ላይ አቁመን፣ ከአክሰሉ ሥር ጠንካራ ግንድ በአንድ ጣት ክፍተት አስቀምጠን በክሪኩ አነሣነው፤ ፒስቶኑ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርንና አንድ ሰዓት ሙሉ ተውነው። መስመሩ ከአንገቱ በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደ። ይህን ያህሉን ተቀብያለሁ፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ኖሮ እንደገና አስከፍተው ነበር። መቼም ቢሆን ግን በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር የሰውነትን ክፍል ማስገባት አይገባም፤ ግንዱ አስቀድሞ መግባት አለበት።

ግንድ ሲባል ማንኛውም ግንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ በቀላሉ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን በርዝመቱ ይሰነጠቃል። እኛ ከወይራ 30 ሳንቲ ሜትር በ30 አድርገን፣ ውፍረቱን 10 ሳንቲ ሜትር አድርገን ሁለት አስቆረጥን፤ ጫፍና ጫፉንም በላሜራ ቀለበት አስጠበቅን። ከዚህ ሌላ ከክሪኩ መቀመጫ ሥር የሚነጠፍ፣ ከግንዱ ጋር እኩል ስፋት ያለው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት አለን። የክሪክ መቀመጫ ከአንድ እጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም፤ በዚያ ላይ ሁለትና ሦስት ቶን ሲያርፍ ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ውስጥ እንደ ችካል ይሰምጣል። ድንጋይን ፈጽሞ መሞከር እንደማይገባ ከላይ ከተናገርኩት ይገባል።

ክሪኩ የሚገባበት ቦታ ከአክሰሉ ቱቦ ሥር፣ ለሚፈታው ጎማ በተቻለ መጠን ቀርቦ ነው። በመካከል ያለው የዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል) ሆድ ክብ በመሆኑ ያንሸራትታል፤ ቲራንቲዎቹም (አክሰሉን የሚያያይዙት ዘንጎች) ይህን ክብደት እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ከሻንሲው ሥር ማንሣት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ባሌስትራው እየተዘረጋ አክሰሉ ተንጠልጥሎ ይቀራልና ጎማው ከመሬት ከመልቀቁ በፊት ክሪኩ ያልቃል።

ስለ እጅ ፍሬኑም ማንም ሳይነግረኝ የቆየ ነገር አለ። የኡራል እጅ ፍሬን በየጎማው ላይ የሚሠራ አይደለም፤ ከካምቢዮው ኋላ ካለው ማከፋፈያ ወደ ኋላ አክሰሎች የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ዘንጉ ቢያዝም አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ በአየር ላይ ስለሚያዞረው በዚያው አክሰል ላይ ያለው ሌላኛው ጎማ መንከባለል ይችላል፤ መኪናውን የሚይዘውም የቀረው አንድ አክሰል ብቻ ይሆናል። በሐረጎ ዳገት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የጎማው ዳዶዎች (ማሰሪያዎች) ከመላላታቸው በፊት፣ ክሪኩም ከመግባቱ በፊት፣ በማይነሡት ጎማዎች ላይ በቁልቁለቱ በኩል ታኮ ይገባል። የጎማው ዳዶዎችም ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ይላላሉ፤ ጎማው ከተነሣ በኋላ ረጅም ፓይፕ አስገብቶ መታገል ክሪኩን ይገፋዋል።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ፤ ከግዢው ያላነሰ ያስቸገረን እሱ ነውና። መጀመሪያ ክሪኩን ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጥነው፤ ከሌባ ይጠበቃል ብለን ነበር። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የአጎቴ ልጅ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ክሪኩ ከወንበሩ ሥር ተንሸራትቶ መጥቶ ከፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር ተወሸቀ። መኪናውን በዝግታ አስጠግቶ ማቆም በመቻሉ ተረፍን። ከዚያ ወደ ካሶኒው ወሰድነው፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መንገድ ላይ ሲያስፈልገን 5 ቶን አሸዋ ሥር ተቀብሮ ነበር። በአካፋ እስክናወጣው መሸ።

ከዚህ በኋላ ሃምሳ አለቃን ይዤ መኪናውን እያዞርኩ አሳየኋቸው። እሳቸው ወደ ሁሉም ጎን ሄደው ካዩ በኋላ በቀኝ በኩል ከካሶኒው ወለል በታች፣ ከጋቢናው ኋላ ያለውን ቦታ መረጡ። እኛ በመንገዱ ቀኝ ስለምንነዳ ስንቆም ቀኙ ወደ መንገዱ ዳር ይሆናል፤ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ጀርባውን ለሚያልፉ መኪናዎች አይሰጥም። ከፊተኛውም ከኋለኛውም ጎማ ራቅ ያለ በመሆኑ የትኛውም ጎማ ተንፍሶ መኪናው ቢያዘም በሩ መሬት አይነካም። በሩ ወደ ታች የሚከፈት ሳይሆን ወደ ጎን የሚከፈት እንዲሆንም እሳቸው ናቸው ያሳሰቡን፤ ወደ ታች የሚከፈት በር ጭቃ ውስጥ ይተከላል።

ሣጥኑን ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በየዳ ቤት አሠራነው። በውስጡ የክሪኩ መቀመጫ ልክ የሚገባበት፣ ከወፍራም ፓይፕ የተቆረጠ አምስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀለበት ወለሉ ላይ ተበየደ፤ ከቀለበቱ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተነጠፈ። ክሪኩ እዚያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተጋድሞ የሚጓዝ ክሪክ በመተንፈሻው በኩል ዘይት ያንጠባጥባል፤ በቦታው አየር ይገባበታል፤ የተፈለገ ዕለትም ይለዝባል። ከላይ መጀመሪያ በተቆረጠ ከመነዳሪ አሰርነው፤ ከመነዳሪው ግን ከሳምንት በኋላ እየሳሳ ስለሄደ ክሪኩ በኮረኮንች ላይ ሲዘል ቀለበቱን መምታት ጀመረ። አሁን የሚይዘው አንገቱን አቅፎ በእጅ በሚፈታ ባለ ክንፍ ዳዶ የሚጠብቅ የብረት መቆንጠጫ ነው፤ ቁልፍ ሳይፈለግ በጨለማም ይፈታል።

ሲቀመጥ ሁለቱም ፒስቶኖች እስከ መጨረሻው ወርደው፣ የማውረጃው ቡሎን በስሱ ተዘግቶ ነው። የወረደ ፒስቶን ዘይት ውስጥ ስለሚሆን አይዝግም፤ የጫፉን ብሎን ጥርስ ግን ግራሶ እንቀባዋለን። የሣጥኑ ወለል በአራቱም ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ ከኡራል ጎማ የሚረጨው ውኃ በማንኛውም በር ውስጥ መግባቱ ስለማይቀር መውጫ ሊኖረው ይገባል። እጀታው፣ ሁለቱ የወይራ ግንዶች፣ የብረቱ ንጣፍ፣ ታኮዎቹና የጎማው መፍቻ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው። እጀታው ቤት ተረስቶ ክሪኩን ብቻ ይዞ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ጊዜ አጋጥሞኛል።

የሣጥኑን ጓጉንቸር ቁልፍ በተመለከተ በመጨረሻ ያደረግነው ከሞተሩ ማስነሻ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ማሰር ነው። አንዱን ቁልፍ ለሹፌሩ ሲሰጡ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። በየወሩ መጀመሪያ ረዳታችን ክሪኩን አውጥቶ ባዶውን እስከ ጫፉ አውጥቶ ያወርደዋል፤ የወረደበትን ቀንም በጠመኔ በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፋል። ያ ረዳት ሐረጎ ላይ ክንዱን በጊዜ ያወጣው ልጅ ነው፤ አሁን የራሱ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ግንዱ ከአክሰሉ ሥር ሳይገባ ማንንም ወደ ጎማው አያስጠጋም።